ፈጣን ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዳችሁን እዩ

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ሲዘገይበት ውድ ኤስኤስዲ ይገዛና «የታለ ታዲያ ፍጥነቱ?» ይላል። አንዳንዴ ችግሩ ዲስኩ ሳይሆን መንገዱ ነው።

ፕሮሰሰሩ ከግራፊክስ ካርድና ከኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ጋር የሚገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል መስመር ነው። እንደ አስፋልት አስቡት፤ ሌይኑ ሲበዛ ብዙ ዳታ ያልፋል። በ3ኛው ትውልድ አንድ ሌይን በሰከንድ 1 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ በ4ኛው 2፣ በ5ኛው 4። ኤስኤስዲው አብዛኛውን ጊዜ 4 ሌይን ይጠቀማል። ስለዚህ በሰከንድ 7 ጊጋባይት የሚያነብ ዲስክ 3ኛ ትውልድ ቦርድ ላይ ብትሰኩት ከ4 አያልፍም። ይሠራል፣ ግን ከከፈላችሁበት ፍጥነት ግማሽ የሚጠጋው ቀረ ማለት ነው።

ሌላም አለ፦ ሌይኖቹ የተቆጠሩ ናቸው። አንዳንድ ቦርድ ላይ 2ኛውን የኤም.2 ቦታ ስትሞሉ አንድ የሳታ ወደብ ይዘጋል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ድንገት ከጠፋባችሁ «ተቃጠለ» ብላችሁ አትጣሉት፤ ገመዱን ሌላ ወደብ ላይ ሞክሩት።

ቅርጹ ስለገጠመ ብቻም አትመኑ፤ ሳታ ብቻ የሚቀበል የኤም.2 ቦታም አለ። የቦርዱን ሞዴል ፈልጋችሁ ማኑዋሉን እዩ፣ ከዚያ ብራችሁን አውጡ።