አራት ጥግ ያለው ሙዚቃ

በ1973 ኳድራፎኒክ የሚባለውን ባለ አራት ድምፅ ሸክላ ለመስማት የተነሳ አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ ኪሱን በደንብ መፈተሽ ነበረበት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ስፒከር ይበቃው የነበረ ሳሎን አራቱንም ጥግ ለቀቀ። አምፕሊፋየሩ ተቀየረ፤ ዲኮደር የሚባል ተጨማሪ ሣጥን መጣ፤ ሸክላው ራሱም ከስቴሪዮው ይወደድ ነበር። ይህን ሁሉ ያወጣው ሰው ግን ባለሙያዎች ስቱዲዮ ውስጥ በአራት ስፒከር መካከል ተቀምጠው ያሰናዱትን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰማው ቀረ። ዛሬ የዚያ ዘመን አልበሞች በአዲስ ዲስክ ሲወጡ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ለትዝታ ብቻ ብለው አይደለም። ያኔ ተከፍሎበት ያልተረከቡት ዕቃ ገና አሁን እጃቸው እየገባ ስለሆነ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሞኖ አንድ የድምፅ መስመር አለው፤ ስቴሪዮ ግራና ቀኝ። ኳድ (አፍቃሪዎቹ በአጭሩ እንዲህ ይሉታል) ከኋላ ሁለት ይጨምርና አድማጩን መሃል ያስቀምጠዋል። ፒንክ ፍሎይድ ገና በግንቦት 1967 ለንደን በሚገኘው ኩዊን ኤልዛቤት አዳራሽ ድምፅን በተመልካቹ ዙሪያ የሚያዞር መሣሪያ ይዘው ቀርበው ነበር። በ1969 ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለ አራት መስመር የሪል ቴፕ ለገበያ አወጣ፤ በዓመቱ አርሲኤ በካርትሪጅ ቴፕ ተከተለው። በቴፕ ላይ ችግር አልነበረም፦ አራት ድምፅ፣ አራት ትራክ፣ አለቀ። ገበያው ግን የሸክላ ነበር፤ በሸክላ ላይ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ደግሞ ሁለት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። አራቱን ድምፅ ሁለት ግድግዳ ላይ እንዴት ይጻፉት? የዘመኑ መከራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የኮሎምቢያ ሸክላዎች ባለቤት ሲቢኤስ ኤስኪው ባለው ዘዴ፣ ጃፓናዊው ሳንሱይ ደግሞ ኪውኤስ ባለው ዘዴ፣ አራቱን ድምፆች ወደ ሁለት ቀላቀሏቸው። የኋላዎቹ ድምፆች ሞገዳቸው ከፊተኞቹ እንዲዛነፍ ተደርጎ አብረው ይቀረጻሉ፤ ቤት ያለው ዲኮደር መዛነፉን ተከትሎ ይለያቸዋል ተብሎ ነበር። ማኪያቶ ከቀረበ በኋላ ቡናውንና ወተቱን ወደየብርጭቋቸው ለመመለስ እንደመሞከር ነው። በመጀመሪያዎቹ የኤስኪው ዲኮደሮች በፊትና በኋላ መካከል የነበረው ልዩነት 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነበር። ይኸውም ከኋላ መምጣት የነበረበት ጊታር ከፊትም ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሎ ይሰማል ማለት ነው። በኋላ ሎጂክ የተባለ ሰርኪት ተጨመረ፤ በየቅጽበቱ ጎልቶ የወጣውን ድምፅ እየለየ ወደ ጥጉ ይገፋዋል። ይህን በደንብ የሚሠሩት ዲኮደሮች ግን ውድ ነበሩ፤ ርካሾቹ ድምፁን ወዲያና ወዲህ ሲያንገላቱት ለማንም ጆሮ ይታወቅ ነበር።

ጄቪሲ የተባለው ኩባንያ በሌላ መንገድ ሄደ። ሲዲ-4 ባለው ዘዴ እያንዳንዱ የቦዩ ግድግዳ በአንድ ወገን ያሉትን የፊትና የኋላ ድምፆች ድምር ይይዛል፤ ልዩነታቸው ደግሞ የሰው ጆሮ በማይደርስበት 30 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ላይ ተጭኖ እዚያው ይጻፋል። መሣሪያው ከድምሩና ከልዩነቱ አራቱን ድምፆች በእውነት ለየብቻ ያወጣቸዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነበር። ነገር ግን መርፌው እስከ 45 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ ረቂቅ ንዝረት ማንበብ ነበረበት፤ ለዚህ ተብሎ ሺባታ የሚባል ልዩ የመርፌ ቅርጽ ተፈጠረ። ሸክላውን በተራ መርፌ ደጋግሞ ያጫወተ ሰው ያንን ረቂቅ ሞገድ እየፋቀ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ከኋላ ስፒከሮቹ የሚመጣለት ጭረትና ሹክሹክታ ነው። ኳድ ቢያልፍም ሺባታ አላለፈም። ዛሬም ውድ የሚባሉ የስቴሪዮ መርፌዎች በዚያ ቅርጽ ይሠራሉ።

ከአሳታሚ ኩባንያዎቹ አርሲኤና ዋርነር ሲዲ-4ን፣ ኮሎምቢያና ኢኤምአይ ኤስኪውን፣ ኤቢሲ ኪውኤስን ያዙ። የአንዱ ሸክላ በሌላው ዲኮደር በትክክል አይጫወትም። ሻጩ ራሱ ግራ ተጋብቶ ገዢውን ሲያደናግር ቆየና፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ኩባንያዎቹ ተራ በተራ ተዉት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሰው አራት ስፒከር ሳሎኑ ውስጥ መደርደር አልወደደም የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። ያው ሰው ሃያ ዓመት ቆይቶ ለፊልም ብሎ አምስት ስፒከርና አንድ ባስ ደርድሯል። የሚገርመው ደግሞ ለዚያ መንገዱን የጠረገው የወደቀው ኳድ መሆኑ ነው፤ በ1977 ስታር ዋርስን በየሲኒማ ቤቱ ያደመቀው ዶልቢ ስቴሪዮ አራት ድምፅን በሁለት ትራክ ቀላቅሎ መልሶ የማውጣት ስልቱን የወሰደው ከእነዚያው ሙከራዎች ነው። ኳድን የገደለው የማጓጓዣው ጠብ ነው፤ ሙዚቃው ምንም አላጠፋም።

ሙዚቃው የት ነበር? በየኩባንያው መጋዘን፣ አራት ትራክ ባለው ማስተር ቴፕ ላይ፣ ሳይቀላቀልና ሳይፋቅ። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 ሱፐር ኦዲዮ ሲዲን (ኤስኤሲዲ) ይዘው ሲመጡ፣ ቀጥሎም ዲቪዲ-ኦዲዮና ብሉ-ሬይ ሲከተሉ፣ አራቱን ድምፆች ምንም ማጭበርበር ሳያስፈልግ ጎን ለጎን የሚይዝ ዲስክ ተገኘ።

ከዳግም ሕትመቶቹ ሁሉ ታሪኩ የሚመስጠኝ የፔንታቶን ነው። ፊሊፕስ በ1970ዎቹ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂዎቹን በአራት መስመር ይቀርጽ ነበር፤ ግን በዘመኑ የነበሩት የሸክላ ዘዴዎች አልጣሙትምና በስቴሪዮ ብቻ አሳተማቸው። ኮሊን ዴቪስ፣ ኔቪል ማሪነርና ሌሎችም የመሯቸው ኦርኬስትራዎች የኋላ ድምፅ ሠላሳ ዓመት ያህል ሰሚ አጥቶ ተቀመጠ። በ2001 ከፊሊፕስ የወጡ ባለሙያዎች ኔዘርላንድስ ውስጥ ፔንታቶንን ሲያቋቁሙ እነዚያን ቴፖች አንስተው በኤስኤሲዲ አወጧቸው። ይህ ዳግም ሕትመት ይባል እንጂ፣ በአራት ድምፅ ከሆነ የመጀመሪያው ሕትመት ነው።

እንግሊዛዊው ዳተን ቮካሊየን ደግሞ የኮሎምቢያንና የአርሲኤን መጋዘን ሲበረብር ቆይቷል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት አልበም በአንድ ዲስክ ላይ ያትማል። ከጃዝና ከሶል ጎን ሬይ ኮኒፍን፣ ፐርሲ ፌይዝን፣ ሁጎ ሞንቴኔግሮን ታገኛላችሁ፤ በሆቴል ሎቢ ውስጥ ቢሰሙ ማንም ቀና ብሎ የማያያቸው ናቸው። በአራት ድምፅ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ። የክር መሣሪያዎቹ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹና ዘማሪዎቹ በየጥጉ ቦታ ሲይዙ አቀናባሪው የለፋበት ሁሉ ይገለጣል። ሮክ ለሚወዱት አሜሪካዊው ራይኖ አለ፤ በ2016 ዘጠኝ የቺካጎ አልበሞችን በአንድ ሣጥን፣ በ2020 አራት የዱቢ ብራዘርስ አልበሞችን በሌላ ሣጥን በብሉ-ሬይ አሳትሟል። የጃፓኑ ሶኒ በበኩሉ ባለ ሰባት ኢንች ሸክላ በሚያክል ሽፋን ያወጣቸው ኤስኤሲዲዎች አሉ፤ ሳንታና በ1973 ኦሳካ ላይ ያቀረበው የሎተስ ኮንሰርትና የማይልስ ዴቪስ ቢችስ ብሩ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ቴፑን ማስነሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ1970ዎቹ ከተሠሩት ቴፖች ብዙዎቹ ማግኔቱን የሚያጣብቀው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይበላሻል፤ እንዲሁ ቢያጫውቷቸው ማሽኑ ላይ ተጣብቀው ይላጣሉ። ስለዚህ ወደ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ይጋገራሉ። መጋገር ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የለውም። እርጥበቱ ሲወጣ ቴፑ ለአጭር ጊዜ ይጸናል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ወደ ዲጂታል ይገለበጣል። ሁሉም ግን አልተረፈም። በ2008 ሆሊውድ ያለው የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ መጋዘን ሲቃጠል የኤቢሲን የመሰሉ ኩባንያዎች ቴፖች የነበሩበት ክፍል አብሮ ነዷል። ማስተሩ ለጠፋ አልበም ሰብሳቢው የሚቀረው ያረጀው ሸክላ ወይም ካርትሪጁ ነው፤ ደግነቱ የዛሬ ዲኮደሮች ኤስኪውንና ኪውኤስን ከያኔዎቹ በጣም በተሻለ ይፈታሉ።

ታዲያ የተገኘው ድምፅ ይህን ሁሉ ልፋት ያዋጣል? እንደ አልበሙ ነው። አንዳንዱ ሚክስ (ድምፆቹ በየስፒከሩ የተደለደሉበት መንገድ) ልጅ አዲስ መጫወቻ ሲያገኝ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፦ ጊታሩ ያለ ምክንያት ሲዞር ይውላል፤ ከበሮው ከኋላ እየደበደበ ዘፋኙን ያስረሳል። ጥሩው ግን ዛሬ የማይደፈር ድፍረት አለው። አዳዲሶቹ ባለ አምስት ስፒከር ሚክሶች ብዙውን ጊዜ ባንዱን ከፊት አስቀምጠው ለኋላ የአዳራሹን ጉምጉምታ ብቻ ይሰጣሉ፤ የኳድ ባለሙያ ግን አራቱን ስፒከሮች እኩል ነው የሚያያቸው። ፒየር ቡሌዝ ኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን እየመራ ያስቀረጸውን የባርቶክን ኮንቸርቶ ለኦርኬስትራ ኮሎምቢያ ሲያትመው አድማጩን ሙዚቀኞቹ መሃል ነው ያስቀመጠው። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ እንዲህ የሚቀመጥ ሰው የለም የሚሉ ተቺዎች ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ ቅጂ ግን የአዳራሽ ምትክ ብቻ መሆን አለበት ያለው ማን ነው? የፊሊፕስ ሰዎች በተቃራኒው ኦርኬስትራውን ከፊት ትተው ከኋላ የአዳራሹን ትንፋሽ ብቻ አሰሙ። ሁለቱንም መስማት ይገባል።

አላን ፓርሰንስ በ1973 ለፒንክ ፍሎይድ ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን የሠራው የኳድ ሚክስ በ2011 በወጣው ትልቅ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ታይም በተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚያንባርቁትን ሰዓቶች ፓርሰንስ ከአንድ የአሮጌ ሰዓት ሱቅ አንድ በአንድ ቀርጾ ያመጣቸው ለኳድ ማሳያ ብሎ ነበር፤ ከአልበሙ የገቡት በኋላ ነው። በስቴሪዮ ስንሰማቸው የኖርነው እነዚያ ሰዓቶች ከመነሻውም ለአራት ስፒከር ነበር የታሰቡት።

ለጀማሪ ጥቂት ነገር ልንገር። ብሉ-ሬዩ ከሁሉ ቀላል ነው፤ ተራ የብሉ-ሬይ ማጫወቻ ይበቃዋል። ኤስኤሲዲ ግን የሚያነበው ማጫወቻ ይፈልጋል፤ አብዛኛው በመኪና ወይም በተራ ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ቢገባም ይጫወታል፣ የሚሰማው ግን ስቴሪዮው ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ ዲስኩ ያው ነው ብሎ የሸጠ ሰው ጥቂት አይደለም። ሲገዙ ሽፋኑ ላይ ባለ ብዙ ቻናል መሆኑ መጻፉን ይመልከቱ፤ ሁሉም ኤስኤሲዲ ኳድ አይደለም። ማጫወቻውም ቢሆን እየተመናመነ ነው፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተወደደው ኦፖ በ2018 ማምረት አቁሟል። ዲስኮቹም በብዛት ስለማይታተሙ ካለቁ በኋላ በሰው እጅ ዋጋቸው ይንራል። ስፒከሮቹ አራቱም እኩል ቢሆኑ ይመረጣል፤ የኋላዎቹ ትንንሽና ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ከሆኑ የሚክሱ ግማሽ ይጠፋል። ለፊልም የተገዛ ባለ አምስት ስፒከር መሣሪያ ላይ ሲያጫውቱ ደግሞ የመሃሉ ስፒከር ጸጥ ቢል አይደንግጡ፤ አልተበላሸም፣ በኳድ ሚክስ ውስጥ ለእሱ የተቀረጸ ድምፅ የለም።