«ሳቅሽ ይሰማኛል፤ ፊትሽ ግን አይስቅም!»

ይህ ወቀሳ በየምሽቱ የሚወርድባት አንዲት የአያት ወጣት ናት። እጮኛዋ ባህር ማዶ ነው። አምራ እንድትታየው ብላ ዲጂታል ካሜራዋን ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው፤ ትርፉ ጭቅጭቅ ሆነ። «የውሸት ነው የምትስቂው!» ይላታል።

እህት ወንድሞቻችን፣ ጥፋቱ የልብ ሳይሆን የገመድ ነው! ድምፅ በላፕቶፑ ማይክ በቀጥታ ሲገባ፣ ምስሉ ግን ካሜራው ውስጥና ሶፍትዌሩ ላይ እየተቀነባበረ ይንቀረፈፋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ። ኢንተርኔቱን ዝጉና እያጨበጨባችሁ ራሳችሁን በዚያው ኮምፒውተር ቅረጹ። ጭብጨባው እጃችሁ ሳይገናኝ ከተሰማ ኔትወርኩን አትራገሙ፤ ችግሩ እቤታችሁ ነው።

ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ካሜራቸውን ዌብካም የሚያደርጉ ነፃ ፕሮግራሞች በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ምቹ ናቸው፤ ግን ይዘገያሉ። ምስሉን ከካሜራው ኤችዲኤምአይ መውጫ በካፕቸር ካርድ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ካርዱ ዩኤስቢ 3 ከሆነ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ሲሸከም፣ ዩኤስቢ 3 እስከ 5 ጊጋቢት ይችላል። ኮምፒውተሩ ካቃተው ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 አውርዱ።

አሁንም ቀረት ካለ ድምፁም በካሜራው ማይክ በኩል ይግባ። በጥሪው ላይ ማይክ ሲጠየቅ ካርዱን ምረጡ። ድምፅና ምስል ቢዘገዩም አብረው ይዘገያሉ።

አንተም ባህር ማዶ ያለኸው ወንድማችን፣ ቀለበት ከመመለስህ በፊት በሞባይሏ ካሜራ እንድታናግርህ ጠይቃት። ሳቋና ፊቷ አብረው ከመጡ፣ ለይቅርታ ተዘጋጅ!