የቆመ መኪና ስንት ያስወጣል?

አንድ እሑድ ጠዋት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአንድ የአትክልት አከፋፋይ ጋር ወደ ድሬዳዋ ጉዞ ጀመረ። አከፋፋዩ በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት ከአንድ የሽንኩርት ገዢ ጋር ውል ለመፈራረም ቀጠሮ ነበራቸው። መኪናቸው ቅዳሜ ማምሻውን ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ቤንዚንም እስከ አፏ ተሞልቶላት ነበር። እስከ አዳማ ያለ አንዳች እንከን ከነፈች። መተሐራን አልፈን አዋሽ ሰባት ሳንደርስ ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ መስመር ተሰቀለ። ኮፈኑ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው።

ጥፋተኛው ሞተሩ አልነበረም። ከራዲያተር ወደ ሞተር የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከእርጅና ብዛት ተሰንጥቆ ኖሯል። ይህች ቱቦ ሶማሌ ተራ ውስጥ በርካሽ ከሚገኙት ዕቃዎች አንዷ ናት። በዚያ ሜዳ ላይ ግን በምንም ዋጋ አልተገኘችም። ለጎታች ተከፈለ፤ አዋሽ ላይ ለአልጋ ተከፈለ፤ ቱቦዋን ከአዳማ ላመጣው ሰው ተከፈለ። አከፋፋዩ ድሬዳዋ የገቡት ሰኞ ማምሻውን ሲሆን፣ ገዢው ከሰዓት በፊት ከሌላ አቅራቢ ጋር ተፈራርሞ ነበር።

ነጋዴ የሸቀጡን የመግዣ ዋጋ፣ የጫኝና አውራጅን፣ የደላላን ኮሚሽን ሳይቀር አሳምሮ ያሰላል። የመኪናው መንገድ ላይ መቆም ግን በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን ብሂል ሁሉም ያውቀዋል፤ በመኪናው ላይ የሚሠራበት ግን ጥቂቱ ነው። በተለይ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል መኪናው ሁሉ ወደ ምሥራቅ በሚተምበት ሰሞን፣ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ይበጃል።

ከተማ የሚደብቀው ሕመም

ለመሆኑ በከተማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያላስቸገረ መኪና ስለምን በአንድ ቀን ጉዞ ይወድቃል? ምክንያቱ ከተማው ሕመሙን ስለሚደብቅለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥበት ጊዜ ትንሽ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ መንገዱም አጭር ነው። የደከመ ጎማ፣ የዛገ ራዲያተርና የሳሳ የፍሬን ሸራ ይህን ኑሮ ተሸክመው ይከርማሉ።

የድሬዳዋ መንገድ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተነሳ መኪና አዋሽ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በአሰበ ተፈሪና በሒርና በኩል እስከ ቁልቢ ድረስ እንደገና ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በመጨረሻም ከደንገጎ ተንደርድሮ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ድሬዳዋ ይወርዳል። በአንድ ጉዞ ሦስት ፈተና መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱም የተለየ ዕቃ ይመረምራል።

እስከ አዳማ የጎማ ፈተና

ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የአዲስ አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ የከተማው መኪና በድንገት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። አየር የጎደለው ጎማ በዚህ ፍጥነት ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ ሲብስበትም ይፈነዳል። ስለዚህ ጎማዎ ሳይሞቅ በጠዋት ይለካ። ልኩ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ በሾፌሩ በር ዳር በተለጠፈው ምልክት ተጽፏል፤ ሙሉ ተሳፋሪና ዕቃ ሲጫን ደግሞ የሚጨመረው መጠን እዚያው ይገኛል። ጎማው ከሞቀ በኋላ ልኬቱ ከፍ ቢልብዎ አየር አያስወጡ፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድላልና።

ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ደህና ጎማ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞችን ይፈልጉ። 2319 የሚል ካዩ ጎማው በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ መልኩ ቢያምርም ለረጅም ጉዞ አይታመንም። ስኮርታውም አየር እንዳለው ይታይ፤ ብዙ ሰው ስኮርታው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው በፈለገው ዕለት ነው።

ከአዋሽ እስከ ቁልቢ የውኃ ፈተና

ከትምህርት ቤት እንደምናስታውሰው ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። መኪና ይህን ችግር የሚወጣው የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግለት ነው። የክዳኑ ላስቲክ የደረቀ እንደሆነ ግፊቱ ያመልጣል፤ በቆላው የጋለ ሞተርም የጨርጨርን ተራራ ሽቅብ ሲወጣ ውኃው ሳይታሰብ ይፈላበታል። እንግዲህ ይህች ትንሽ ክዳን የሞተሩን ዕድሜ የያዘች ናት።

ከጉዞው በፊት የውኃ ቱቦዎች በእጅ ተጨምቀው ይታዩ፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ይለወጥ። በራዲያተሩ ውስጥ ተራ የቧንቧ ውኃ ብቻ ካለ ይደፋና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይግባበት፤ ዝገት ይከለክላል፣ የመፍላት ደረጃውንም ከፍ ያደርጋል። የፋኑ ሥራና የቺንጋዎቹ ጥብቀት ይፈተሽ። የሞተሩ ታይሚንግ በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ በብዙ መኪኖች 100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሞላ ይለወጣል። አገልግሎ የገባ መኪና የገዙ ከሆነ ግን ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ። የመኪና ደላሎች ቅር አይበላቸውና፣ ቆጣሪ ወደ ኋላም እንደሚሄድ ከእነርሱ የተሰወረ አይደለም።

መንገድ ላይ ሙቀቱ ቢጨምር ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝም ክዳኑን አይንኩ። የሚፈላው ውኃ ፊት ይገሽራል።

ደንገጎ የፍሬን ፈተና

ከሦስቱ ፈተናዎች ሕይወት የሚጠይቀው ይህኛው ነው። ከደንገጎ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሾፌሩ ፍሬኑን ሳይለቅ ከወረደ ሸራው ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት የጠጣው ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለል ቢረገጥ መኪናው አይቆምም።

መፍትሔው ሁለት ነው። በጋራዥ ሸራዎቹ ውፍረታቸው ይለካ፤ ዘይቱም ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር። በመንገድ ላይ ደግሞ ሽቅብ በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁልም ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነም በዝቅተኛው ማርሽ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው በዜሮ የሚወርዱ ሾፌሮች ሒሳባቸው የተሳሳተ ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር በማርሽ ተይዞ ቁልቁል ሲወርድ የነዳጅ መርጨቱን ራሱ ያቋርጣል። በዜሮ መውረድ ትርፍ የለውም፤ አደጋው ግን ሙሉ ነው።

ሒሳቡ

አንድ ወረቀት ይያዙና በግራ በኩል የጋራዡን ወጪ ይጻፉ። በቀኝ በኩል መኪናው ቢቆም የሚከፍሉትን ይዘርዝሩ፤ ጎታች፣ አልጋ፣ የሚበላሽ ጭነት፣ የሚያመልጥ ውል። ለምሳሌ የቀኙ ድምር 60 ሺህ ብር ነው እንበል። የመቆሙ ዕድል ከአሥር አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ሳይመረመር የሚነሳው መኪና ከደጅዎ ሲወጣ 6 ሺህ ብር ስውር ወጪ ተሸክሞ ነው። ምርመራው ከዚህ ባነሰ ገንዘብ አደጋውን ካስቀረልዎ ወጪ ሳይሆን ትርፍ ነው። የሰው ሕይወት ግን በየትኛውም በኩል ዋጋ የሚወጣለት አይደለም።

ገበያውም ይህንኑ ይመክራል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ብር ወርዷል፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው ንሯል። ያለዎት አሮጌ መኪና አብሮዎት ይቆያል ማለት ነው። ዋጋ ሲንር አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ይበዛልና የፍሬን ሸራን፣ የታይሚንግ ቺንጋንና የራዲያተር ክዳንን በርካሽነት አይግዙ። አሮጌውን ዕቃ ለናሙና ይዘው ይሂዱ፤ መካኒኩም የፈታውን እንዲያስረክብዎ ይጠይቁ። መለወጡን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ እርሱ ነው።

ጋራዥ መግባት የሚገባው ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት እንጂ በዋዜማው አይደለም። አዲስ የገጠሙትን ዕቃ እስከ ቢሾፍቱ ደርሶ በመመለስ ይፈትኑት፤ የሚላላው ብሎን በቅርብ ይላላ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ዘይት፣ ትርፍ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ ባትሪ መብራት፣ ባለሦስት ማዕዘን ምልክትና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይያዙ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜያቸው እንዳላለፈ ይመልከቱ። የመንገዱን የዕለት ሁኔታ ጠይቀው ማልደው ይነሱ፤ ከመተሐራ እስከ ሚኤሶ ግመልና ከብት መንገድ ያቋርጣልና ማታ አይንዱ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም ከሒሳቡ አያመልጡም። በመንገዱ ላይ ባትሪ መሙያ የት እንዳለና እየሠራ መሆኑን ሳይነሱ በስልክ ያረጋግጡ። ሽቅብና ፍጥነት ባትሪውን ከከተማው በበለጠ ይበሉታል። ቁልቁል ሲወረድ መኪናው ባትሪውን መልሶ እየሞላ ራሱን ይይዛል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ይህ እርዳታ ይቀንሳል። ጎማውና ፍሬኑ እንደማንኛውም መኪና ናቸው።

የአትክልት አከፋፋዩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ድሬዳዋ ተመላልሰዋል። ከመቀመጫቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለች አንዲት ትርፍ የውኃ ቱቦ አለች። ለጠየቃቸው ሁሉ፣ በሕይወታቸው ከገዙት ዕቃ ሁሉ ውድ እርሷ እንደሆነች ይናገራሉ። ዋጋዋ ሲጠየቁ፣ አንድ ጭነት ሽንኩርት ነው ይላሉ።