ያልተመዘገበ ኒካሕና የልጅ ነሰብ

በገሳይም ሆነ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ወሊዩ ተገኝቶ፣ ኢጃብና ቀቡል በሁለት ምስክሮች ፊት ከተፈጸመ ኒካሑ በሸሪዓ ጸንቷል። ወረቀት ከማዕዘናቱ አይቆጠርም። እዚህ የምናነሳው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ አባቱ የሞተበትን ልጅ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችን የማስረጃ መጥፋት በመደበኛው ፍርድ ቤት ብቻ የሚጎዳ ይመስለናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል፤ አባትነቱ የተረጋገጠለት ልጅ የወላጆቹን ኒካሕ ሳያስረዳ ይወርሳል። በፊቅህ ግን ከዝሙት የተወለደ ልጅ፣ በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ፣ ወደ እናቱ እንጂ ወደ አባቱ አይጠጋም፤ ከአባቱም አይወርስም። አጎቶቹ «ኒካሕ አልነበረም» ብለው ቢነሱና ክርክሩ በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ማስረጃ ያጣ ልጅ ይበልጥ የሚጎዳው በራሳችን ችሎት ነው።

ሊቃውንቱ ይህን አደጋ አስቀድመው አይተው ለነሰብ በሩን አስፍተዋል። ኒካሑ ፋሲድ ቢሆን እንኳ ግንኙነት ከተፈጸመበት ነሰብ ይጸናል፤ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወሬም (ተሳሙዕ) ለነሰብና ለኒካሕ ምስክርነት ይበቃል። ትንሹ የእርግዝና ጊዜ ስድስት ወር መሆኑ ከአል-አሕቃፍ 15 እና ከሉቅማን 14 ተጣምሮ የወጣ ነው፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ 180 ቀንም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ተሳሙዕ ግን የሚያውቁ ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካለፉ፣ ቤተሰቡም ወደ ወረታ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከሄደ ማን ይመሰክራል?

ግብፅ በ1931 እ.ኤ.አ. በሕግ ቁጥር 78 ይፋዊ ሰነድ የሌለው የጋብቻ ክርክር፣ ተከሳሹ ከካደ፣ እንዳይሰማ ስትከለክል የነሰብን ክርክር ከክልከላው ውጭ አድርጋለች። አስተዋይ አካሄድ ነበር።

በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻም በቀበሌ ይመዘገባል፤ ጊዜው ለጋብቻ 30፣ ለልደት 90 ቀን ነው። አንዳንዱ ኒካሕ ግን ሙሽራይቱ 18 ዓመት ስላልሞላት ሆን ተብሎ ከመዝገብ ይሸሻል። በዚህ ሁለት ልጆች ይጎዳሉ፤ የተዳረችውና የምትወልደው። እንዲህ ያለውን ኒካሕ ልናስር አይገባም። ታስሮ ከተገኘ ግን የሕፃኑ ልደት የእናቱን ዕድሜ ሳይጠብቅ ይመዝገብ፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና።

አል-በቀራ 282 የገንዘብ ዕዳ እንዲጻፍ ያዝዛል። ኢማሙም ቀኑን፣ የወሊዩንና የምስክሮቹን ስም፣ መህሩን በመስጊዱ ደብተር ቢያሰፍር ለነሰብ የሚበዛ ጥንቃቄ አይሆንም። ደብተሩ የቀበሌውን መዝገብ አይተካም፤ ምስክሮቹ ባለፉ ጊዜ ግን ቃዲው የሚያየው አንድ ነገር ይኖረዋል።