ጃንጥላው ሲታጠፍ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባለፈው እሁድ እማዬን ይዤ ወዳጅነት ፓርክ ስሄድ ዕቅዴ ቀላል ነበር። እሷ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እኔ ስልኬን እጎረጉራለሁ። በቃ።

ክረምቱ ከብዷት ነው የከረመው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው የሚወርደው። ለእኔ ዝናብ ማለት ታክሲ ሰልፍ ላይ የራሰ ጫማ ነው። ለእማዬ ግን የተዘጋ በር ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ደረጃው በጭቃ ጫማ ሲረገጥ ያዳልጣል፤ የእሷ ጉልበት ደግሞ ብርድ አይችልም። ስለዚህ ከሐምሌ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር አልወረደችም።

አራት ኪሎ ሳለን እንዲህ አልነበረችም። በርጩማዋን ደጅ አውጥታ ጎመን እየቀነጠሰች መንደሩን ታነብ ነበር። ማን ሥራ እንዳገኘ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን ምሳ ሳይበላ እንደወጣ ከአካሄዱ ትነግራችኋለች። እኔ ደግሞ «እማዬ፣ ሰው ማየት አይሰለችሽም?» እላት ነበር።

በአበው አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ስለዚህ ገና አልወጣም። የዝናቡ ቀበቶ ግን መስከረም ላይ ወደ ደቡብ መሸሽ ይጀምራል፤ አንድ ቀን ይዘንባል፣ በማግስቱ ብራ ይሆናል። እሁድ ብራ ነበር። ከተማው ይቺን ፀሐይ እንዳያመልጠው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ዋዜማ የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ባዶ አግዳሚ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። አንዱን አገኘንና በሶፍት አደራርቄ ተቀመጥን። ቲክቶክ ከፈትኩ።

ሦስት ቪዲዮ እንኳን ሳልጨርስ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«እነዚያን እያቸው። ተኳርፈዋል።»

ፊት ለፊታችን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። እኔ የታየኝ ፍቅረኛሞች ፀሐይ ሲሞቁ ነው።

«በምን አወቅሽ?»

«ጃንጥላው መሐላቸው ነው። የተዋደደ ሰው ጃንጥላ መሐል አያስቀምጥም።»

እንዴ! ስልኬን ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ ወዲያ በቃ፣ ሁለታችንም ሥራ ያዝን። አንድ አባት «ኧረ ጭቃው!» እያለ ልጁን ይቆጣል፤ ልጁ ያቆረው ውኃ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ግን ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ሁለት ተማሪዎች አዲስ ቦርሳ አዝለው ይንጎራደዳሉ፤ ትምህርት ቤት በሌለበት እሁድ! እማዬ «እስኪለምዱት ነው» አለች። አንድ ሽማግሌ ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ሰማዩን ደግመው ደጋግመው ያያሉ። «ነሐሴ ገና አልለቀቃቸውም» አለች።

ከዚያ አንዲት ልጅ ላይ ዐይኗ ቀረ። የአደይ አበባ እቅፍ ይዛ ሰልፊ ታነሳለች፣ ታየዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ ደግማ ታነሳለች። እኔ «ፎቶ ሱስ ሆኖባታል» ልል ነበር። እማዬ ቀደመችኝ።

«የሚያነሳት ሰው የላትም። ሂድ አንሳላት።»

«እማዬ፣ አላውቃትም እኮ!»

«ታዲያ እሷስ ታውቅሃለች? ሂድ።»

ሄድኩ። እያፈርኩ «ላንሳሽ?» አልኳት። መጀመሪያ ስልኳን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ እኔም ብሆን ያው ነኝ። ከኋላዬ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ስታውለበልብላት ግን ስልኩን ሰጠችኝ። አነሳኋት። አበባው ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ደግሜ እንዳነሳት ለመነችኝ።

«ለእህቴ ነው የምልከው» አለች። «ቤሩት ነው የምትሠራው። አደይ አበባ ካየች አምስት ዓመቷ ነው።»

አደይ አበባ የሚታየው ክረምቱ ሲያልቅ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል። እህቷ አምስት ጊዜ አምልጧታል። እኔ ደግሞ «ሱስ» ልላት ነበር።

ልጅቷ እማዬ ዘንድ መጣችና «እማማ፣ እንኳን አደረስዎት» ብላ ከእቅፉ አንዲት ዘለላ ሰጠቻት። እማዬ መረቀቻት፤ ስለ እህቷ ጠየቀቻት፤ «እኔንም አንሺኝና ላኪላት፣ አንዲት እናት ሰላም ብላሻለች በያት» አለቻት። አብረው ተነሱ። እማዬ ስትስቅ አየኋት። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ማየቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣ «እዚያ ቤት መስኮት ላይ ቆመሽ ሰው ታዪ የለም እንዴ?» አልኳት። ነገሩ ለእኔ ቀላል ነበር፤ መስኮት አለ፣ መንገድ አለ።

አበባዋን እያሽከረከረች ትንሽ ዝም አለች።

«ከአራተኛ ፎቅ የሚታየው የሰው አናት ነው፣ ፊት አይደለም። ክረምት ላይማ አናቱም የለም። እኔ ጃንጥላ ሳይ ነው የከረምኩት።»

ምን ትላላችሁ? ምንም አላልኩም። ክረምቱን ሙሉ አብሬያት ነበርኩ፤ አንድ ሶፋ ላይ፣ አንድ ቴሌቪዥን ፊት። በቀን ስንት መቶ ሰው በስልኬ ላይ እንደማይ ቆጥሬ አላውቅም። እነሱ እኔን አያዩኝም፤ እኔም ለካ አጠገቤ ያለችውን አላየኋትም። እማዬ ሰው ማየት ትወዳለች ብዬ ነበር የማስበው። የናፈቃት ግን መታየትም ጭምር ነው። ደጃፏ ላይ ስትቀመጥ ያለፈው ሁሉ «እትዬ፣ ደህና አደሩ?» ይላት ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰላም የሚል የለም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለች እናት ወይም አያት ትኖር ይሆናል። ለመውጣት አትጠይቅም፤ ጉልበቴ ነው፣ ብርዱ ነው ትላለች። አትመኗት። ደረጃውን ደግፋችሁ አውርዷት፤ ፓርክ ባይሆን እንኳን ሰፈራችሁ ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ አስቀምጧት። ስልካችሁን ኪስ አስገቡና እሷ የምታየውን እዩ።

ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ብርዱ መጣ። እማዬ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ጃንጥላው መሬት ወርዷል፤ በወንዱና በሴቷ መሐል ምንም የለም።

«ደክሞሽ ከሆነ እንሂድ?» አልኳት።

«ገና ማንን አየሁና ነው?» አለችኝ፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ይበልጥ ተመቻችታ ተቀመጠች።