ባሕር በሌላት አገር የባሕር ዳርቻ ዕረፍት፦ ከቦሌ እስከ ላንጋኖ

ሞቃት አየር፣ አሸዋማ ዳርቻና ጸጥ ያለ ማረፊያ የሚሻ የቦሌ ወይም የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር መብረር ነው። ሁለተኛው በቱሉ ዲምቱ በኩል ወጥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ማምራት ነው።

ሦስተኛ አማራጭ የነበረበት ዘመን አልራቀም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር እስከሆነችበት ጊዜ ድረስ ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩ፤ በምጽዋ አቅራቢያ የሚገኘው የጉርጉሱም ዳርቻም የታወቀ መዝናኛ ነበር። ዛሬ የባሕር ዕረፍት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ጉዞ በብር ሲሰላ ዋጋው ከፍ ብሏል። ሐይቆቹ ይበልጥ ተፈላጊ የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መንገዱና ሙቀቱ

ቅርቡ መዳረሻ ቢሾፍቱ ነው። በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩት የባቦጋያና የሆራ ሐይቆች፣ እንዲሁም በአካባቢው የሚገኘው ኩሪፍቱ፣ ዳርቻቸው በመዝናኛዎች የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የተዘረጋውና እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል። አሸዋማ ዳርቻ የሚፈልግ ግን ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ መቂንና ባቱን አልፎ፣ ከመዲናዋ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን ላንጋኖን ይመርጣል። በስምጥ ሸለቆው መስመር ሆቴሎችን ያስፋፉት ባለሀብት በቀለ ሞላም በዚሁ ሐይቅ ዳርቻ ሆቴል ከፍተው ነበር።

የሙቀቱ ምሥጢር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚለዋወጥ፣ ተጓዡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ4 ዲግሪ በላይ ወደሚሞቅ ስፍራ ይወርዳል።

ቡናማው ውኃና ዋናው

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ መልክ ያለው በውስጡ በተንሳፈፈ ደቃቅ ደለል ምክንያት እንጂ በመቆሸሹ አይደለም። ሐይቁ ከቢልሃርዚያ የጸዳ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲነገርለት በመኖሩ ብዙዎች ሳይሰጉ ይዋኙበታል። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃ ይወጣል፤ ከዚያም የሰውን ቆዳ በስቶ ወደ ሰውነት ይገባል። ቀንድ አውጣው ሣርና ቅጠል የበዛበትን፣ ዝግ ብሎ የሚፈስ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይወዳል። በመሆኑም ስለ ሐይቁ የሚነገረው ወደ ሐይቁ ለሚገቡ ጅረቶች ዋስትና አይሆንም። በሽታው በጣና ዳርቻዎችም የታወቀ ነው። በወንዝ አፍና በሣር በተሸፈነ ዳርቻ የዋኘ ሰው ሕመም ከተሰማው ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት እንደዋኘ መናገር አለበት፤ በሽታው በመድኃኒት ይድናል።

ከላንጋኖ ማዶ ያለው ሐይቅ

የላንጋኖ ውኃ በላንጋኖ አያበቃም። ከአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርዱ ወንዞች ወደ ላንጋኖ ይገባሉ፤ ትርፉ በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈሳል። አብያታ መውጫ ስለሌለው የላይኛው ተፋሰስ ዕዳ የሚታየው በእርሱ ላይ ነው። ከደምበል ሐይቅና ከወንዞቹ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ፣ እንዲሁም ለሶዳ አሽ ምርት ከሐይቁ የሚቀዳው ውኃ ተደማምረው አብያታ እጅግ እንዲሸሽ አድርገዋል። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ። በአጎራባቹ የሻላ ሐይቅ ደሴት ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖችም ምግብ ያገኙበት የነበረውን ስፍራ አጡ። አብያታ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሆኑ እንኳ ከዚህ አላዳነውም።

ከቦሌ ተነስቶ ላንጋኖ የሚያርፍ እንግዳ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ዋናውን አገር አቋራጭ መንገድ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ቢመለከት ይበቃዋል። በአንድ ወገን መዝናኛዎች የተደረደሩበት ሐይቅ፣ በሌላው ወገን ውኃው ርቆ የቀረ ነጭ ሜዳ ይታያል። ሁለቱ በአንድ ወንዝ የተያያዙ ናቸው። ባሕር ለሌላት አገር የቀሩት ዳርቻዎች እነዚህ በመሆናቸው፣ የዕረፍቱ ዘላቂነት የሚወሰነው በማረፊያዎቹ ውበት ሳይሆን በተፋሰሱ የውኃ አጠቃቀም ነው።