ዲግሪውስ ማንን ፈተነ?

የመውጫ ፈተና ውጤት በተለቀቀበት ቀን ከአክስቴ ልጅ ጋር መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለን ነበር። ማኪያቶው ቀዝቅዟል። እሱ በየደቂቃው ስልኩን ይነካካል፣ ገጹ ተጨናንቆ አልከፍት ብሎታል። ከውጭ «አያት በሲኤምሲ! አያት በሲኤምሲ!» የሚለው የረዳቶች ጩኸት ይገባል። ድንገት ዝም አለ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «43» አለኝ።

ማለፊያው 50 ነው።

የተማረው አካውንቲንግ ነው፤ እዚሁ አካባቢ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ፣ አራት ዓመት ሙሉ። የኮሌጁ አጠቃላይ ውጤቱ 3.4 ነበር። ፈተናው ሳይመጣ ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ አክስቴ ሳሎን ተሰቅሏል። አክስቴ ኮተቤ እንጀራ እየጋገረች ነው ወር በወር የከፈለችለት። ማታ ስንነግራት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «አራት ዓመት ጎበዝ ነው እያሉ ሲያሳልፉት የነበሩትስ? እነሱም ተፈተኑ?»

እኔ ኢኮኖሚክስ ተመርቄያለሁ፣ ለጥያቄዋ ግን ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ይቺ ጽሑፍ መልሱን ፍለጋ ናት።

ከቁጥሩ እንጀምር። የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከተፈተኑት ወደ 150 ሺህ ተማሪዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ አለፉ። ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ብቻ። ከስድስት ተማሪ አንዱ ማለት ነው። እርግጥ ብዙ የግል ኮሌጅ ተማሪ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ነው፣ ሲገባም በተሻለ ውጤት አይደለም የሚገባው። ይህን ሁሉ ቆጥረንለት እንኳ አምስቱ ሲወድቁ «ተማሪው ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። እነዚህ ልጆች እኮ እያንዳንዱን ኮርስ «አልፈዋል» ተብለው ነው እዚያ የደረሱት።

ለመሆኑ ዲግሪ ምንድን ነው? በድሮው አነጋገር ምስክርነት ነው። «ይህን ሰው አስተምሬዋለሁ፣ ያውቃል» ብሎ አንድ ሰው ወይም አንድ ተቋም ስሙን ሲያስይዝ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይዞራል። ድጓ የተማረ ሰው ደግሞ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ወዳለችው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ቃሉን ልብ በሉት፤ ያስመሰክራል ነው የሚባለው። መምህሩ ሰምቶ ካልመሰከረለት ሌላ ቦታ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አይታሰብም። ያልበሰለ ተማሪ ቢያሳልፍ የሚጎድፈው የመምህሩም ስም ነው።

በአውሮፓም መነሻው ተመሳሳይ ነው። በጥንቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ ማለት መምህራን ተሰብስበው «ይህ ሰው ማስተማር ይችላል» ብለው የሚሰጡት ፈቃድ ነበር። ጣሊያን ውስጥ በቦሎኛማ ነገሩ ከዚህም ያስቃል። እዚያ መምህሩን የሚቀጥሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለነበሩ፣ አርፍዶ የገባ ወይም ትምህርቱን በጊዜው ያልጨረሰ መምህር ይቀጡት ነበር። ከፋዩ ተቆጣጣሪም ነበር ማለት ነው። አክስቴ ይህን ብትሰማ ትወደዋለች።

ወደ አገራችን ዘመናዊ ትምህርት ስንመለስ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንደሚለው የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነበር። ሠላሳ ሦስት! ዛሬ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚጭናቸው ያህል። መምህሩ ተማሪውን በስም ያውቀዋል፣ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት መምህሩን ያውቀዋል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፣ ያገለግላል። የገጠሩ ሰውም በራሱ መንገድ ምስክር ሆነ።

ከዚያ ቁጥሩ ተቀየረ። እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የግል ኮሌጁን ለማየት ደግሞ መገናኛ ቆሞ ወደ ላይ ቀና ማለት ይበቃል። ታች ጫማ ቤት፣ ከላዩ ባንክ፣ ከባንኩ በላይ ኮሌጅ።

መስፋፋቱ ስህተት ነበር የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። ዩኔስኮ እንደሚለው በዓለም ደረጃ የከፍተኛ ትምህርት ተሳትፎ ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ግን 9 በመቶ አካባቢ ነው። በ33 ተማሪ ዘመን ቢሆን ኖሮ የእንጀራ ጋጋሪ ልጅ የዩኒቨርሲቲን በር በሩቁ ነበር የሚያየው። ችግሩ በሩ መከፈቱ አይደለም። በሩ ሲከፈት ምስክሩ ጠፋ።

ምስክር ሲጠፋ ምን ይፈጠራል? አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጽፎ ነበር። ገዢው ደህናውን መኪና ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው መሐል ሰፋሪ ዋጋ ነው። ያኔ የሚጎዳው ደህና መኪና ያለው ሰው ነው። ማይክል ስፔንስ ደግሞ በ1973 ዲግሪ ለቀጣሪ የሚላክ ምልክት መሆኑን አሳየ። ሁለቱም በ2001 ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። መገናኛ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ ቀጣሪው የአንዱን ኮሌጅ 3.4 ከሌላው 3.4 መለየት ስለማይችል ሁለቱንም አያምንም። ስለዚህ የራሱን ፈተና ይሰጣል፣ ወይም «ሁለት ዓመት ልምድ» ይላል። በሐቅ የተማረችው ልጅ ከፖስተር ኮሌጅ ተመራቂ ጋር እኩል ትሰለፋለች።

የመውጫ ፈተና የጠፋውን ምስክር ለመመለስ የመጣ ነው፣ በዚህ በኩል እደግፈዋለሁ። ግን የሚመሰክረው በተማሪው ላይ ብቻ ነው። ልጁ ሲወድቅ ዲግሪውን ያጣል፣ አክስቴ የአራት ዓመት ብሯን ታጣለች። ያስተማረው ተቋም ግን በማግስቱ «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ባነር ይሰቅላል።

ብራዚል ይህን በሌላ መንገድ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 በአገር አቀፍ ደረጃ የተመራቂዎች ፈተና ስትጀምር ተማሪው መፈተን ግዴታው ነበር፣ ነጥቡ ግን ዲግሪ አይከለክለውም። ለሕዝብ ይፋ የሚወጣው የትምህርት ክፍሉ ውጤት ነበር፣ ከኤ እስከ ኢ። የተፈተነው ኮሌጁ ነው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ እንኮርጅ አልልም። ግን አንዱን ግማሽ ብንወስድስ? እያንዳንዱ ተቋም፣ የመንግሥትም የግልም፣ በየትምህርት ክፍሉ ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳለፈለት በግቢው በርና በባነሩ ላይ እንዲጽፍ ይገደድ። ጎበዝ ኮሌጅ በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

እስከዚያው ግን ዘንድሮ ለመመዝገብ ያሰባችሁ ልጆች፣ ከፍያችኋልና ጠያቂ ሁኑ። አንደኛ፣ እውቅናው ለዚያ የትምህርት ዓይነትና ለዚያ ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። የኮሌጁ ስም ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ «ባለፈው ፈተና ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» በሉ። መልሱ «አብዛኞቹ» ከሆነ ቁጥሩን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከሬጅስትራሩ ወጥታችሁ ደረጃው ላይ የምታገኙትን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አናግሩ። እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

የአክስቴ ልጅ እንደገና ለመፈተን እያጠና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመገናኛ ታክሲ ስንይዝ ኮሌጁ ያለበት ሕንፃ ላይ አዲስ ባነር አየን። ጋዋን የለበሱ ሳቂታ ልጆች አሉበት፣ ስልክ ቁጥር አለበት፣ «ጥራት መለያችን» ይላል።

ስንት እንዳለፈላቸው ግን አይልም። እሱ ቀና ብሎ አየውና «እነሱስ ስንት አመጡ?» አለኝ። የእናቱ ልጅ።